ሣር የሚመስሉት እንስሳት፦ የሃይድሮይዶች ተረትና እውነታ

«ውኃ የማይጠጣ፣ በአየር ብቻ የሚኖር ተክል» እየተባለ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሱቆች ሲሸጥ የኖረ አረንጓዴ ጌጥ አለ። ተክል አይደለም፤ ሕይወትም የለውም። ሰርቱላሪያ የተባለ የባሕር እንስሳ፣ ከሃይድሮይዶች አንዱ፣ ደርቆ፣ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ነው። ሃይድሮይዶች የጄሊፊሽ ዘመዶች ናቸው፤ በየቅርንጫፋቸው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ፖሊፖች ምግባቸውን በሚናደፉ እጆቻቸው ያጠምዳሉ።

እንስሳ መሆናቸውን ማወቅ ቀላሉ ነው። አንዱን ከቅርብ ዘመዱ መለየት ግን ባለሙያንም ያደክማል።

«መልኩ ከተለያየ ዝርያውም ይለያያል» የሚለው እምነት ኦቤሊያ በተባለው የሃይድሮይድ ወገን ላይ አይሠራም። አንዱ የኦቤሊያ ዝርያ እንደሚኖርበት ውኃ ያጥራል ይረዝማል፣ ይሳሳል ይንዠረገጋል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ለየመልኩ አዲስ ስም ሲሰጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፖል ኮርኔሊየስ የስሞቹን ክምር አጣርቶ ጄኒኩላታ፣ ዲኮቶማና ባይደንታታ የተባሉ ሦስት ዝርያዎችን ብቻ አስቀረ። ሎንጊሲማ የምትባለውን ከዲኮቶማ ጋር ቀላቅሏት ነበር፤ በ1990 ራሱ መልሶ ለያት። እኔ ይህን እንደ ወላዋይነት አላየውም። ሎንጊሲማ ስታረጅ ዋና ግንዷ ወደ ጥቁርነት ይሄዳል፤ ለጋ ሳለች ግን ከዲኮቶማ ለመለየት በእርግጥ ታስቸግራለች።

ጄኒኩላታን መለየት ግን ይቀላል። ኬልፕ በሚባለው ሰፊ የባሕር አረም ቅጠል ላይ በብዛት ትገኛለች። ግንዷ ወዲያና ወዲህ እየተሰበረ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር የውጭ ልባሱ በአንድ ወገን ወፍሮ በእጅ ማጉያ መነጽር ይታያል። ባይደንታታን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ፖሊፑ የተቀመጠበት ጽዋ ከንፈር ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የእያንዳንዱም ጥርስ ጫፍ ሁለት ነው።

«መልኩ አንድ ከሆነ ዝርያውም አንድ ነው» የሚለውስ? እሱም አይሠራም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ዳርቻ፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሸክመው የሚዞሩ ሸርጣኖች አሉ። ቅርፊቱን እንደ ሮዝ ፀጉር የሚሸፍነው፣ ሃይድራክቲኒያ የተባለው ሃይድሮይድ ለረጅም ጊዜ ኤኪናታ ከተባለው የአውሮፓ ዝርያ ጋር እንደ አንድ ይቆጠር ነበር። በ1989 ተመራማሪዎቹ ሊዮ በስና ፊሊፕ ዩንድ በዚያ ዳርቻ ሦስት ሌሎች ዝርያዎች እንዳሉ አሳዩ፤ እያንዳንዱም በአብዛኛው የራሱን የሸርጣን ዓይነት ይመርጣል። ምርጫው ግን ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

አንዳንድ ሃይድሮይዶች የሚለቁትን ጄሊፊሽ አይቶ መለየትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ከኦቤሊያ የሚለቀቁት ትናንሽ ጄሊፊሾች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ዝርያቸውን በዓይን መናገር አይቻልም። ክሊቲያ የተባለው ሌላ ሃይድሮይድ የሚለቃት ጄሊፊሽ ደግሞ ፊያሊዲየም ተብላ እንደ ሌላ ወገን ስትጠራ ኖራለች፤ ልጅና ወላጅ በሁለት መዝገብ እንደማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው «ዲኤንኤ ይፈታዋል» ይላል። ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ግን የሚነጻጸርበት ናሙና መጀመሪያውኑ በተሳሳተ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ውጤቱም ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ስለዚህ ናሙና ሲወሰድ የመራቢያ ከረጢት የያዘው ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ ከፊሉ ለቅርጽ ምርመራ በፎርማሊን፣ ከፊሉ ለዲኤንኤ በአልኮል ይቀመጣል። የተነቀለበት ነገር፣ ጥልቀቱና ቀኑ በዚያው ጠርሙስ መለያ ላይ ይጻፋል።