ሊኑክስ ላይ እንደ ፔይንት ያለ ቀላል መሳያ ከፈለጉ

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ትንሽ ነገር ነው። ከስክሪን ያነሳው ምስል ላይ ስህተቱን በቀይ ማክበብ ይፈልጋል። ወይም የደረሰኝ ፎቶ ጠርዙን መቁረጥ፣ አንድ የስልክ ቁጥር መሸፈን። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣው የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ፔይንት አለው። ሊኑክስ ላይ ፔይንት ራሱ የለም፤ ቦታውን የሚሸፍኑ ግን አሉ፣ ያውም በነጻ።

ሰው ቢጠይቁ መጀመሪያ የሚሰሙት «ጊምፕን ጫን» የሚል ነው። ጊምፕ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ፎቶ ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ለእኛ ጉዳይ ግን አይሆንም። ክብ ለመሳል እንኳ መጀመሪያ ቦታውን በክብ መምረጫ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ሜኑ ከፍተው ጠርዙ እንዲቀባ ያዛሉ። ለአንዲት ክብ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?

የድሮውን ፔይንት ከለመዱት ከሁሉም የሚቀርበው ኮለርፔይንት ነው። እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ላጲስ፣ ቀለም መርጫ፣ አራት ማዕዘንና ክብ ሁሉም በጎን ተደርድረዋል፤ ቀለሞቹም ከፊትዎ ናቸው። ከፍተው ወዲያው ይሠራሉ። አንድ የሚጎድለው የቀስት መሣሪያ ነው፤ የቀስቱን ጫፍ በሁለት አጫጭር መስመሮች ራስዎ መሥራት አለብዎ።

ቀስት የሚያበዙ ከሆነ ድሮዊንግ የተባለውን ይመልከቱ። መስመር ሲስሉ ጫፉን ቀስት እንዲያደርግልዎ ማዘዝ ይችላሉ። ሊኑክስ ሚንት ከ19.3 እትሙ ጀምሮ ጊምፕን አውጥቶ ድሮዊንግን አብሮ ያስገባው፣ ተራ ተጠቃሚ የሚፈልገው ይሄኛውን ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ሚንት ከሆነ ከመጫንዎ በፊት ሜኑውን ይፈትሹ፤ ምናልባት አስቀድሞ አለልዎ።

ከእነዚህ ከፍ የሚለው ፒንታ ነው። ልዩነቱ ሌየር መኖሩ ነው። ሌየር ማለት በሥዕሉ ላይ እንደሚነጠፍ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የሳሉትን ቢያጠፉት የታችኛው አይነካም። ለልጅ ከሆነ ደግሞ ታክስ ፔይንት አለ፤ ትልልቅ ምልክቶች፣ ድምፅና ማኅተሞች ስላሉት ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ይጫወትበታል።

እንዴት ይጫናል? ኡቡንቱ ላይ አፕ ሴንተርን፣ ሚንት ላይ ሶፍትዌር ማኔጀርን ይክፈቱ። ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉ። ኮለርፔይንትን ሲፈልጉ ይጠንቀቁ፤ የሚጀምረው በ«ሲ» ሳይሆን በ«ኬ» ነው። ሲያገኙት «ኢንስቶል» የሚለውን ይጫኑና የኮምፒውተርዎን የይለፍ ቃል ያስገቡ።

ዋጋውስ? ፕሮግራሞቹ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ማስታወቂያም የላቸውም። የሚያስወጣዎ ኢንተርኔቱ ነው። ሚንት ላይ አንዳንድ ፕሮግራም በሁለት መልክ ይቀርባል። አንዱ ለሲስተምዎ ተብሎ የተዘጋጀው ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ሌላው ፍላትፓክ ይባላል፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ሲጭኑት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ የሲስተሙን ይምረጡ። ከመስማማትዎ በፊትም መጠኑን ይዩ፤ ኮለርፔይንት ኬዲኢ ከሚባለው የዴስክቶፕ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ሲጫን ተጨማሪ ፋይሎች ይስባል።

አማርኛ ይጻፍበታል? አዎ። ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ላይ አማርኛን ይጨምሩ። ፊደሉ በባዶ ሳጥን ከታየ ፎንት ጎድሏል ማለት ነው፤ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ የግዕዝ ፎንት ይጫኑ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ኮለርፔይንት ላይ ጽፈው ከሳጥኑ ውጭ አንዴ ከነኩ ጽሑፉ ወደ ፒክስል ይለወጣል፤ ማለትም ሥዕሉን ወደሠሩት ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች። ከዚያ ፊደል ማረም የለም፤ ወደኋላ መመለስ ወይም አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ነው። ከመንካትዎ በፊት ያንብቡት።

ሲያስቀምጡ ጽሑፍና መስመር ላለበት ሥራ ፒኤንጂን ይምረጡ፤ ጄፔግ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዛል፣ የሚመቸው ለፎቶ ነው። ፒንታ ሌየሮቹን ለይቶ የሚያቆየው ኦራ በተባለ ዓይነት ፋይል ነው። በሌላ ሌየር ላይ የሸፈኑት ቁጥር እዚያ ውስጥ እንዳለ ይኖራል፤ ስለዚህ ለሰው የሚልኩት ፒኤንጂውን ይሁን፣ ኦራውን ለራስዎ ያስቀሩት።