ብዛቱን የሚያውቅ ባክቴሪያ

የኮሌራ ጥርጣሬ ያለበት በሽተኛ ሲመጣ ከላቦራቶሪ የሚጠበቀው «ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ነው። እኔ ግን ከዚያ መልስ በፊት ባክቴሪያው ከበሽተኛው ሲወጣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ማሰብ ይገባናል እላለሁ።

የኮሌራ አምጪው ባክቴሪያ ቪብሪዮ ኮሌራ ከመሰሎቹ ጋር በኬሚካል ይነጋገራል። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ ይለቃል። ጥቂት ሲሆኑ ሞለኪውሉ ተበትኖ ይጠፋል፤ ሲበዙ ግን በዙሪያቸው ይጠራቀማል፤ ተቀባይ ፕሮቲኖቻቸው ይህን ያውቁና ሁሉም ሥራቸውን ባንድነት ይቀይራሉ። ለዚህ እውቀት በር የከፈተው በ1970 እ.ኤ.አ. ኔልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ ብርሃን በሚሰጥ የባሕር ባክቴሪያ ላይ የሠሩት ጥናት ነው፤ ያ ባክቴሪያ የሚያበራው ሲበዛ ብቻ ነበር። የኮሌራውን የመነጋገሪያ ሞለኪውሎች በዝርዝር ካጠኑት መካከል የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ቦኒ ባስለርና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ።

ብዙ በሽታ አምጪዎች ለማጥቃት መብዛታቸውን ይጠብቃሉ። የኮሌራ ነገር ተቃራኒ ነው። ጥቂት ሳሉ አንጀት ላይ ተጣብቀው መርዛቸውን ያመነጫሉ፤ ሲበዙ መርዙን ይቀንሱና የያዙትን የሚያስለቅቅ ኢንዛይም ያወጣሉ። ተቅማጡ ጠርጎ ያወጣቸዋል። በበሽተኛው ባልዲ ውስጥ የምናየው የሩዝ ውሃ የመሰለ ሰገራ ወደ ሌላ ሰው ለመሄድ የተነሳ ሠራዊት ነው። ባክቴሪያው ከሆድ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ በላቦራቶሪ ከሚያድገው እጅግ በበለጠ ኃይል ይተላለፋል፤ ይህ በ2002 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ከበሽተኞች በተወሰደ ናሙና ታይቷል።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህ የመተላለፍ ኃይል ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ሰው በወቅት ይጎርፋል። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የቀን ሠራተኛው ወደ መተማ ይወርዳል፤ ያገኘውን ውሃ ይጠጣል፤ ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። በቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ሊጠመቅ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ተጨናንቆ ይሰነብታል፤ እዚያም ኮሌራ ገብቷል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በድንበር ከተማዋ ገላባት በኩል ከተሻገሩት ስደተኞች ብዙዎቹ ኩመር በተባለው መጠለያ ሰፈሩ፤ በዚያው ክረምት በሽታው ደረሰባቸው።

ለዚህ ነው «ውጤቱ እስኪመጣ እንጠብቅ» ሲባል የምከራከረው። ናሙናው ካሪ ብሌይር በተባለው ማጓጓዣ ተደርጎ መንገድ እስኪገባ፣ ካልቸሩም ቲሲቢኤስ በተባለው አረንጓዴ ማብቀያ ላይ ቢጫ ሆኖ እስኪበቅል ቢያንስ አንድ ሌሊት ያልፋል። በዚያ ጊዜ የባክቴሪያው ጉዞ ያለቀ ይሆናል። ማረጋገጫው ለወረርሽኙ መዝገብና ለመድኃኒት ምርጫ ይጠቅማል፤ ባልዲው ውስጥ ክሎሪን መጨመር፣ በሽተኛውን ለይቶ ማስተኛት፣ ኦአርኤስ መስጠትና የቤተሰቡን ውሃ ማከም ግን በጥርጣሬ ብቻ፣ በዚያው ሰዓት መጀመር አለበት።

ተስፋ የምጥልበትም ነገር አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳት የሌለው የአንጀት ባክቴሪያ የኮሌራን የመነጋገሪያ ሞለኪውል እንዲያመነጭ አድርገው ለአይጥ ግልገሎች አስቀድመው ሰጡ። በኋላ የገባው ኮሌራ ገና ጥቂት ሳለ የበዛ መሰለው፤ ብዙዎቹ ግልገሎችም ከሞት ተረፉ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ለሰው የሚሆን መድኃኒት ገና አልወጣም። ሐሳቡ ግን ልቤን ይዞታል፤ ባክቴሪያውን የሚያዘናጋው ሳይገድለው ስለሆነ መድኃኒት የመላመድ ግፊቱ ያንሳል ተብሎ ይጠበቃል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲላመድ የመድኃኒት ምርመራ ውጤት ላይ «አይሠራም» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የላቦራቶሪ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል።