ጠላትን ከጓድ መቍጠር፤ በ«ክሮኖ ትሪገር» ጨዋታ ስለ ማገስ አገባብና አሠራር

በተረት ዓለም ውስጥ በሚካሄዱት የቪዲዮ ጨዋታዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ተጫዋቹ የሚመራው አንድ ጀግና ብቻ ሳይሆን የጓዶች ቡድን ነው። ከጓዶቹም የሚበዙት ታሪኩ ራሱ ወደ ፊት ሲራመድ ያለ ጥያቄ የሚገቡ ናቸው። አንዳንዱ ግን ተጫዋቹ ካልፈቀደ አይገባም፤ ጨዋታውም ያለ እርሱ ሊፈጸም ይችላል። ይህን ዐይነቱን «የፈቃድ ጓድ» ብለን ብንጠራው ከነገሩ የራቀ አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፈቃድ ጓድ እንዴት እንደሚገኝና ከተገኘም በኋላ እንዴት እንደሚሠራበት በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌውም «ክሮኖ ትሪገር» በተባለው ጨዋታ ውስጥ የሚገኘው ማገስ ነው።

1. ማገስ ማን ነው?

ክሮኖ ትሪገር ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ያወጣው ጨዋታ ነው። በሥራው ከተካፈሉት መካከል ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ዩጂ ሆሪና ሥዕሎቹን የነደፈው አኪራ ቶሪያማ ይገኙበታል። ታሪኩ በ1999 ዓለምን የሚያጠፋውን ላቮስ የተባለውን ፍጡር ለማስቀረት ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚጓዙ ጓዶች ነው። እነርሱም ክሮኖ፣ ማርል፣ ሉካ፣ ሮቦ፣ አይላና ፍሮግ ናቸው። ማገስ ከገባ ሰባተኛ ይሆናል።

ማገስ በመጀመሪያ የሚታየው በ600 ዓመተ ምሕረት የጭራቆች ንጉሥና የጓርዲያ መንግሥት ጠላት ሆኖ ነው። ሳይረስ የተባለውን የጦር መኰንን ገድሏል፤ የሳይረስን ባልንጀራ ግሌንንም በአስማት ወደ እንቍራሪት ለውጦታል። ፍሮግ የሚባለው ጓድ ይኸው ግሌን ነው። ስለዚህ ከጓዶቹ አንዱ በማገስ ላይ የሚመልሰው ደም አለው ማለት ነው።

ነገር ግን ታሪኩ ሲገለጥ ማገስ ራሱ የተበደለ ሰው ሆኖ ይገኛል። የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12000 ዓመት በነበረው የዚል መንግሥት ሲሆን፣ ስሙም ልዑል ጃነስ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ላቮስ ከእኅቱ ከሻላ ለይቶ ወደ ሌላ ዘመን ጣለው። ላቮስን በአስማት ሊጠራ የደከመውም ዓለምን ለማጥፋት ሳይሆን፣ ራሱን ላቮስን ለመግደል ነበር።

2. የሚገኝበት ሁኔታ

ጓዶቹ በዚል ዘመን ክፉ ሽንፈት ይደርስባቸዋል፤ ክሮኖ ይሞታል፣ መንግሥቱም ይፈርሳል። ከዚህ በኋላ በሰሜን በኩል ባለው ገደል ጫፍ ላይ ማገስን ብቻውን ቆሞ ያገኙታል። እርሱም ታሪኩን ከነገራቸው በኋላ ልትዋጉኝ ትሻላችሁን የሚል ጥያቄ ያቀርባል። አዎን ቢባል ውጊያው ይጀመራል፤ ማገስም ድል ከሆነ ለዘለዓለም ይጠፋል። አይደለም ቢባል ከጓዶቹ ጋር ይተባበራል። ለመልመል የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ ገንዘብም፣ ዕቃም፣ የተለየ ብልሃትም አይጠየቅም።

ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መልሱን የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው፤ ደሙ የፈሰሰበት ግን ፍሮግ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላልና፣ ያልተወጋው ሰው ስለተወጋው ሆኖ ይቅር ሊል ይችላልን? የጨዋታው ደራሲዎች ይህን ችግር አልሸሸጉትም። ፍሮግ በስፍራው ኖሮ ውጊያው ሲቀር፣ ማገስን መግደል ሳይረስን እንደማያስነሣው ይናገራል። ይህ ቃል የእርቅ ቃል አይደለም፤ በቀል የማይመልሰው ነገር መኖሩን የማወቅ ቃል ነው።

ዋጋውም በሁለቱም ወገን ይከፈላል። ማገስ ከተገደለ አስማቱ ስለሚፈታ ፍሮግ በጨዋታው ፍጻሜ ሰው ሆኖ ይታያል። ማገስ ከተማረ ግን ቡድኑ ኀይለኛ ጓድ ያገኛል፤ በፍጻሜውም ማገስ እኅቱን ፍለጋ ለመሄድ ዕድል ይኖረዋል። እንግዲህ ምርጫው በአንድ ጓድ መብትና በቡድኑ ጥቅም መካከል ነው።

3. እንዴት ይሠራበታል?

በአንድ ጊዜ ለውጊያ የሚሰለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ማገስን ማሰለፍ ሌላውን ማስቀረት ነው። ጥቅሙ በአስማቱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ዐይነት ኀይል ሲወሰኑ፣ እርሱ ገና ሲገባ የመብረቅ፣ የበረዶና የእሳት አስማት ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ዐይነት ኀይል ብቻ የሚጎዳ ጠላት ሲያጋጥም ሰው መለዋወጥ ያስቀራል። ከዚያም በላይ የራሱ የሆነውን የጨለማ አስማት ቀስ በቀስ ይማራል፤ የመጨረሻው ጠላቶችን ሁሉ ባንድነት የሚመታ ነው። ይህን ለመማር ግን በውጊያ ላይ መሰለፍ ያስፈልገዋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ጓድ የስልት ነጥብ አያገኝምና።

ጕድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቆሰለ ጓድ የሚያድንበት አስማት የለውም። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ማርልን ወይም ሌላ ፈዋሽ ማሰለፍ ይገባል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። የዚህ ጨዋታ ልዩ ጠባይ ሁለት ጓዶች ስልታቸውን አቀናጅተው ባንድ ጊዜ መምታታቸው ነው። ስድስቱ ሁሉ እርስ በርሳቸው እንዲህ ያለ የጣምራ ስልት አላቸው፤ ማገስ ግን ከማንም ጋር የለውም። ለሦስት የሚሠራ ስልት ሁለት ብቻ አለው፤ በሁለቱም ሉካ ትገኝበታለች፤ እያንዳንዱም የተለየ ድንጋይ ይጠይቃል።

ይህን ጕድለት የአሠራር ጕድለት ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። ማገስ በሰልፉ ገብቷል እንጂ በማኅበሩ አልገባም፤ ደንቡ ራሱ ይህን ይናገራል። መሣሪያውም ሳይቀር ይመሰክራል። የቀድሞ ሎሌው ኦዚ በሚገኝበት ምሽግ ውስጥ አንድ ትልቅ ማጭድ አለ፤ ይህም ማጭድ ጓዶቹ በወደቁ ቍጥር ኀይሉ ይጨምራል። የሌሎቹ ኀይል በመተባበር ሲበዛ፣ የእርሱ ብቻውን ሲቀር ይበዛል።

4. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ ለብርታት ብቻ ለሚያስብ ተጫዋች ማገስን መቀበል ይሻላል፤ በተለይም ሉካና ማርል አብረውት ከተሰለፉ ጥቅሙ ይታያል። የጣምራ ስልትን መሠረት አድርጎ ለሚዋጋ ግን የግድ አስፈላጊ አይደለም፤ ከስድስቱ ሦስት መርጦ ሊያሸንፍ ይችላል። የማገስ ነገር ለጥናት የሚገባው ከዚህ በላቀ ምክንያት ነው። በብዙ ጨዋታዎች ጠላት ጓድ በሆነ ጊዜ የትናንቱ በደል እንዳልነበረ ይቈጠራል። በዚህኛው ግን ፍሮግ እንቍራሪት እንደሆነ አብሮ ይጓዛል፣ ማገስም ከጎኑ ይዋጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ስልት የለም። በቀል መተው አንድ ነገር፣ መታረቅም ሌላ ነገር መሆኑን ተጫዋቹ በየውጊያው ያየዋል።