የዛገና የተበሳ የሞተር ሳይክል ሰልባትዮ አጠጋገን

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ባሉት የገበያ ቦታዎች ሞተር ሳይክል የብዙ ሰው የእንጀራ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከሚደርሱበት ጉዳቶች አንዱ፣ በየጋራዡ ሰልባትዮ እየተባለ የሚጠራው የቤንዚን ማጠራቀሚያ በዝገት ተበልቶ መበሳቱ ነው። ቀዳዳዋ ስትታይ ከመርፌ ዐይን የማትበልጥ ስለ ሆነች ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በዚህች ቀዳዳ ምክንያት የባለ ንብረቱ ገንዘብ፣ የሞተሩ ዕድሜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠጋኙ ሕይወት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የጉዳቱን ምክንያትና ትክክለኛውን የጥገና ሥርዓት ማወቅ ለባለ ንብረቱም ለጋራዡም ይጠቅማል።

ዝገቱ ከወዴት ይመጣል?

ሰልባትዮ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው የብረት ላሜራ ነው። ከውጭ ቀለሙ ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ ግን ዋና ጠባቂው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ቤንዚኑ ሲጎድል ባዶውን ቦታ አየር ይይዘዋል፤ አየሩም እርጥበት ይዞ ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት አየሯ በእርጥበት የተሞላ ነው። ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በውስጠኛው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠራል። ውሃ ከቤንዚን የከበደ ስለ ሆነም ወደ ታች ወርዶ ከሁሉ ዝቅ ባለው ጥግ ይተኛል። ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ነው።

ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ጥቂት ቤንዚን ይዞ ለብዙ ሳምንታት የሚቆም ሞተር ሳይክል በዚህ በሽታ ቶሎ ይያዛል። ንጽሕናው ባልታወቀ ጀሪካን ተቀድቶ የሚጨመር ቤንዚንም ውሃ ይዞ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ከውጭ የምትታየው ቀዳዳ የበሽታው መጀመሪያ ሳትሆን መጨረሻው ናት። በዙሪያዋ ያለው ላሜራ ከውስጥ ተበልቶ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉት ጤናማው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የጥገናው ስፋት የሚወሰነው በቀዳዳዋ ሳይሆን በዚህ ምርመራ ነው።

ባዶ የተባለው ሰልባትዮ

«ቤንዚኑ ተደፍቷል፤ ባዶ ነው» ብሎ እሳት ማስጠጋት ከስሕተት ሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 ያህል እጅ ሲሆን፣ አንዲት ፍንጣሪ ብቻ ትበቃዋለች። 12 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ እዚህ መጠን ላይ እንዲደርስ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ቤንዚን መትነኑ በቂ ነው። ይህን ያህል ቤንዚን ደግሞ ከተደፋ በኋላ በመገጣጠሚያውና በዝገቱ ቅርፊት ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። አሽትቶ ማረጋገጥም አያስተማምን፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋልና። ከሞተር ጭስ ማውጫ ጭስ መሙላትም የእጥበትን ቦታ አይተካም።

የአሠራሩ ተራ

አንደኛ፤ ሰልባትዮው ከሞተር ሳይክሉ ተፈትቶ ነፋስ በሚገባበት ሜዳ ላይ ቤንዚኑ በንጹሕ ዕቃ ይገለበጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በምድር ላይ እየተሳበ ርቆ ይሄዳል። በአካባቢው የከሰል ምድጃ፣ ሲጋራም ሆነ ፍንጣሪ የሚያወጣ ሥራ መኖር የለበትም።

ሁለተኛ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዱቄት እስከ አፉ እየተሞላ፣ እየተናጠና እየተደፋ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። እጥበቱ ቤንዚን የነካው ስለ ሆነ በዕቃ ይጠራቀማል እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቦይ አይደፋም።

ሦስተኛ፤ አንድ እፍኝ ትንንሽ ቦሎን ከውሃ ጋር ጨምሮ በመናጥ የላላው ቅርፊት ይራገፋል። ከዚያም ቀዳዳዋ ለጊዜው ተደፍና አቼቶ ይሞላበትና አንድ ቀን ያድራል። አቼቶው ከተደፋ በኋላ በውሃ፣ ቀጥሎም የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይለቀለቃል፤ ኮምጣጣው ካልጠፋ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላልና። ከተለቀለቀ በኋላ ሳይውል ሳያድር በፀሐይ መድረቅ አለበት። የተራቆተ ብረት እርጥብ ሆኖ ቢቆይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደገና ይዝጋል።

ቀዳዳውን ስለ መድፈን

ለጥቃቅን ቀዳዳ ተስማሚው ስታኞ ነው። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል የሆነው የተለመደው ስታኞ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ የሳሳውን ላሜራ አያቀልጠውም፤ አያጣምመውምም። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይጸዳል። መበየጃው ብረት የሚግለው ከሰልባትዮው ርቆ ነው። የተበላው ቦታ ሰፋ ያለ ከሆነም፣ በየዳርቻው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ጤናማ ብረት ላይ የሚያርፍ የላሜራ እራፊ ተቆርጦ በስታኞ ይለበዳል። ስታኞ እሳቱ አነስተኛ ነው ተብሎ እጥበቱ መተው የለበትም።

የኦክሲጅን ወይም የኤሌክትሪክ ብየዳ የሚያስፈልገው ወለሉ በሙሉ ሲለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ከእጥበቱ በኋላ የሚበየደው ቦታ ወደ ላይ ተደርጎ፣ ለትነት የሚተርፈው ባዶ ቦታ እጅግ እስኪያንስ ድረስ ውሃ ይሞላበታል፤ ሙቀቱ የሚያስነሣው እንፋሎት እንዲወጣም ክዳኑ ክፍት ይሆናል። ይህ የሠለጠነ በያጅ ሥራ እንጂ የተለማማጅ ሥራ አይደለም።

እሳት ለማይፈልግ፣ ቤንዚን የሚቋቋምና ሁለቱ ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚለጠፍ የኢፖክሲ ማጣበቂያ አለ። ይህም በጸዳና በደረቀ ብረት ላይ ካልሆነ አይይዝም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስም ቤንዚን አይነካውም። መንገድ ላይ ለተቸገረ ደግሞ ደረቅ ሳሙና በቀዳዳው ላይ አጥብቆ ማሸት ፍሳሹን ለጊዜው ይገታል፤ ይህ ግን እስከ ጋራዥ ለመድረስ እንጂ ለመሰንበት አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ መውጫው ሁሉ ተደፍኖ በብስክሌት መንፊያ ጥቂት አየር ይገባበትና የሳሙና አረፋ ይቀባል። አረፋው ከኳለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የኮምፕረሰር አየር ግን ላሜራውን ሊነፋውና ሊያበላሸው ስለሚችል አይመከርም።

ለጋራዥ ባለቤቶች

የዚህ ጥገና ግማሹ ስታኞው ሳይሆን እጥበቱ ነው። በብዙ ቦታ ግን ደንበኛው የሚከፍለው በዐይኑ ለሚያየው ድፋኝ ብቻ ነው። ዋጋ ያልተቆረጠለት ሥራ ደግሞ ሲጣደፉ የሚዘለል ሥራ ነው። ስለዚህ በሒሳብ ደረሰኙ ላይ «እጥበትና ዝገት ማስለቀቅ» ራሱን የቻለ መስመርና ዋጋ ቢኖረው፣ ሠራተኛው አይቸኩልም፤ ደንበኛውም ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ያውቃል። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 ፖሊቴክኒክ ከተከፈተባት ጀምሮ የእጅ ሙያ በትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት። ጉድለቱ የዕውቀት ሳይሆን የጊዜና የዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ባለ ንብረቱም የበኩሉን ማድረግ ይገባዋል። ሞተር ሳይክሉ በክረምት የሚቆመው ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ ሰልባትዮውን ሞልቶ ማቆም፤ ለብዙ ወራት ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ስለሚበላሽ ገልብጦ፣ አድርቆና ውስጡን በዘይት አርሶ ማስቀመጥ፤ የክዳኑን ጎማ መመርመር፤ ከጀሪካን ሲቀዳም አጣርቶና የታችኛውን ዝቃጭ አስቀርቶ መቅዳት ይጠቅማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ውሃው ወደ ሰልባትዮው እንዳይገባ መከላከል ከጥገናው ሁሉ የረከሰ ነው።