የማትታረደው ላም

እ.ኤ.አ. በ1643 አን ራድክሊፍ የተባሉ የለንደን ባለጸጋ መበለት፣ ባሕር ማዶ ለተከፈተ አንድ ትንሽ ኮሌጅ 100 ፓውንድ ሰጡ። ኮሌጁ ሃርቫርድ ነበር፤ ከተመሠረተ ገና ሰባት ዓመቱ። ሴትየዋ ገንዘቡ ወጥቶ እንዲያልቅ አልፈለጉም። ዋናው ተቀምጦ፣ በየዓመቱ የሚያስገኘው ገቢ ለአንድ ድኻ ተማሪ መተዳደሪያ እንዲሆን ቃል አስገቡ። በዚያ ዘመን ሴት ሃርቫርድ ገብታ መማር አትችልም ነበር። ራሳቸው ሊገቡበት በማይችሉት ደጃፍ፣ ስሙን ለማያውቁት ልጅ መንገድ ከፈቱ።

ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች ለብዙ ነፃ የትምህርት ዕድሎች መሠረት የሆነው ኢንዶውመንት የሚባለው አሠራር በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ላም ላረባ ቤተሰብ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ላሟን አርዶ አንድ ሰሞን መብላት ይቻላል፤ ጠብቆ ማለብም ይቻላል። ኢንዶውመንት ማለት ላሟ እንዳትታረድ በሰነድ የተፈረመ ቃል ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። በአንድ ዓመት የተመረቁ ጓደኛሞች ተሰባስበው 100,000 ዶላር ለኮሌጃቸው ሰጡ እንበል። ኮሌጁ ገንዘቡን ከሌሎች ስጦታዎች ጋር ቀላቅሎ በአክሲዮን፣ በቦንድና በመሳሰሉት ያሠራዋል፤ የእያንዳንዱ ስጦታ ድርሻ ግን በመዝገብ ተለይቶ ይያዛል። በደህና ዓመት 7,000 ዶላር ቢያተርፍ፣ ለተማሪ የሚከፈለው ከ4,000 እስከ 5,000 ያህሉ ነው። የቀረው ወደ ዋናው ይመለሳል። ይህ ስስት አይደለም። ትርፉ በሙሉ ከወጣ የዋጋ ንረት ዋናውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚደርሰው የከሳች ላም ወተት ይሆናል።

ገበያ ደግሞ ይወድቃል። ስለዚህ ብዙ ኮሌጆች ክፍያውን የሚያሰሉት በአንድ ቀን ዋጋ አይደለም፤ የበርካታ ዓመታትን አማካይ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደደረሰው ያለ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ተማሪ ድጋፏ በአንድ ጊዜ እንዳይቋረጥባት የሚያደርገው ይህ ስሌት ነው።

ላሟን የሚያመጡት እነማን ናቸው? ከቀዳሚዎቹ መካከል የቀድሞ ተማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1821 የማሳቹሴትሱ ዊሊያምስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንቱ ከተወሰኑ ተማሪዎች ጋር ለቀውት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ተመራቂዎቹ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ኮሌጁም ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ የዬል ተመራቂዎች ሌላ ነገር ጨመሩበት፦ በየዓመቱ ሁሉም የአቅሙን የሚያዋጣበት ፈንድ። ይህ ዓመታዊ ፈንድ እንደ ኢንዶውመንት አይቀመጥም፤ በዚያው ዓመት ለሚያስፈልገው ነገር ይውላል። ለትልቅ ፈንድ አቅም የሌለው ተመራቂ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ባለሀብቱ ማይክል ብሉምበርግም የገቡት በዚሁ በር ነበር። አባታቸው የአንድ ወተት አከፋፋይ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት በብድርና የመኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመረቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ለትምህርት ቤታቸው የላኩት 5 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከባለጸጎች ተርታ ከተሰለፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድጋፍ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጡ። ዩኒቨርሲቲው አመልካቾችን ሲቀበል ኪሳቸውን እንዳያይ፣ ድጋፉ ውስጥ የነበረው ብድርም በስጦታ እንዲተካ ገንዘቡ አስቻለ። እኔን የሚገርመኝ ከቢሊዮኑ ይልቅ 5 ዶላሩ ነው። ልማዱ የጀመረው ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ለተማሪዎች ሳንድዊች እየሸጡ ይኖሩ የነበሩት ቸክ ፊኒ፣ ለትምህርት ቤታቸው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሰጥተዋል፤ ለብዙ ዓመታት ስማቸውን ደብቀው። በእሳቸው ስጦታ የተቋቋመው አንዱ መርሐ ግብር እንደ እሳቸው ሠርተው የሚማሩ ልጆችን ይደግፋል። ፊኒ ግን ሀብታቸውን በሕይወት ሳሉ ሰጥቶ መጨረስን መረጡ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅታቸውም ሥራውን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን የስጦታው ዕጣ የሚወሰነው በስምምነቱ ሰነድ ነው። ሰጪው ለየትኛው ትምህርት፣ ለምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ይናገራል፤ ተማሪውን የሚመርጠው ግን የኮሌጁ ኮሚቴ ነው። ዘመድ ማስተማርና ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው ከበዛም ጉዳት አለው። ከአንድ ወረዳ የመጣች፣ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የምታጠና፣ እንዲህ ያለ ውጤት ያላት ሲባል፣ የምታሟላ ልጅ ትጠፋና ገንዘቡ ሳይነካ ይቀመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል። በየዓመቱ የሚመረመርና ለሰጪዎች የሚገለጽ ሒሳብ ከሌለም መጨረሻው ያው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የእኛም ቤት ጉዳይ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሆነው ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ፣ ትውልዶች የተማሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ከመጣ በኋላም የሸክሙን ትልቁን ክፍል መንግሥት ተሸክሞ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲው በሕግ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከመንግሥት በጀት ሌላ የራሱን ገቢ መፈለግ አለበት። የድኻውን ልጅ ማን ያስተምረው የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ ለተመራቂዎችም የቀረበ ነው፤ አገር ቤት ላለውም፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ለሚሠራውም።

መሰባሰቡን አልተቸገርንበትም። በባች ተደራጅተን የታመመ ጓደኛ እናሳክማለን፣ ሐዘንተኛ እናጽናናለን፤ ዕቁብና ዕድር አሳድገውናል። አዲስ የሚሆንብን ያዋጣነውን አለመንካት ነው። የዕቁብ ገንዘብ ዙሩ ሲደርስ ይወሰዳል፤ ይህኛው ዙሩ የሚደርሰው ገና ላልተወለደ ተማሪ ነው።

ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ደሞዛችንን ለእናታችን ሰጥተናል። ይበዛል ወይም ያንሳል ብለን አላሰብንም፤ ያሳደገችን እሷ ስለሆነች ብቻ ሰጠን። ከሁለተኛው ደሞዝ ጥቂቱ ላስተማረን ቤት ቢሆን፣ ላሟ በጥጃነቷ በረት ገባች ማለት ነው።