ደመ ከልብ አይደለም

ደሙ ፈሶ ጠያቂ ላጣ ሰው «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። ከልብ በግዕዝ ውሻ ነው፤ የውሻን ደም ማንም አይጠይቅምና። አባባሉን ያስታወሰን ባለፈው ክረምት ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን በአንዱ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን ደም ያፈሰሰው ራሱ ውሻው ሲሆን፣ ጠያቂ ያጣው የሰው ደም ነው።

ጓደኛችን ለኪስ ገንዘብ ያህል ማታ ማታ ልጆች ያስጠናል። አንድ ምሽት ሲመለስ፣ ገርበብ ካለ የግቢ በር አንድ ውሻ ተስፈንጥሮ ወጣና ባቱን ያዘው። ሸምገል ያሉ ሰው በነጠላ ጫማ እየሮጡ ደረሱ። «ይቅር በለኝ ልጄ፤ ይህ ውሻ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ በሩን ክፍት የተዉት ልጆቼ ናቸው» አሉና ለታክሲ ብለው ሁለት መቶ ብር አስጨበጡት። እርሱም እንዳስተዳደጉት «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ያጋጥማል» ብሎ እያነከሰ ሄደ። በማግሥቱ የሰፈሩ ወጣቶች ውሻውን በድንጋይ ገደሉት፤ ሬሳውም ከቆሻሻ ጋር ተጣለ። ውሻው ጤነኛ ይሁን ዕብድ ማወቂያው በዚሁ ጠፋ። ጓደኛችን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ክትባት እስከ መጨረሻው መከተል ግድ ሆነበት፤ ማስጠናቱን አቋረጠ፤ ለሕክምናውና ለመመላለሻው ተበደረ። በኋላ ወደ ሰውየው ቢሄድ ያገኘው መልስ፣ «ያ እኮ የሰፈር ውሻ ነበር፤ እኛ ፍርፋሪ ከመጣል በቀር ምን አለን?» የሚል ሆነ።

እኛ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ሕግ ሙያችን አይደለም። ዳሩ ግን በዚያ ሰሞን ከቤተ መጻሕፍት የፍትሐ ብሔር ሕጉን ተውሰን ስናገላብጥ፣ ጓደኛችን «ያጋጥማል» ብሎ የተወው ነገር በሕጉ ዘንድ እንዲያ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ሌላው ጓደኛ እንደ እርሱ እንዳይሆን ያነበብነውን እናካፍላለን።

ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የቤተሰብ ክፍሉ በሌላ ሕግ ቢተካም ስለ እንስሳት የሚናገረው ክፍል ዛሬም ይሠራል። አንቀጽ 2071 እንደሚለው የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊ ነው። ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለማየት ከኦሪት ጋር ማነጻጸር ይበቃል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ባለቤቱ የሚጠየቀው በሬው ቀድሞም ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው እንደ ሆነ ነው። «ነክሶ አያውቅም» የሚለው የሽማግሌው ቃል እንግዲህ በኦሪት ቢሆን ኖሮ መከላከያ በሆነላቸው ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ፊት ግን ምንም አይፈይድም። ተበዳዩ የባለቤቱን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ ውሻው መንከሱንና የማን መሆኑን ካስረዳ በቂው ነው።

በየበሩ ተለጥፎ የምናየው «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍስ? ብዙዎቻችን ይህ ጽሑፍ ባለቤቱን ነጻ የሚያወጣ ይመስለን ነበር። አንቀጽ 2086 ግን ያለ ጥፋት ኃላፊ የሆነ ሰው ከኃላፊነቱ የሚድነው ወይም የሚቀለልለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተበዳዩ ጥፋት የደረሰ እንደ ሆነ ነው ይላል። ጽሑፉን አንብቦ አጥር የዘለለ ወይም የታሰረ ውሻ በዱላ የነካካ ሰው ብዙም አይደመጥ ይሆናል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ግን ምን አጠፋ? ጽሑፉ እንዲያውም ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ያውቅ እንደ ነበር የሚመሰክርበት ይመስለናል።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው «ውሻው የማን ነው?» በሚለው ላይ ነው። ሲነክስ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ይላል፤ ሌባ ሲያባርር ግን ባለቤት አያጣም። አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደ ሆነ ይገመታል ይላል፤ ውሻም በሕግ ዓይን ተንቀሳቃሽ ነው። አንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘውን ሰው፣ ተከራይቶም ሆነ ተውሶ ቢይዘው፣ በእጁ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ምስክር መፈለግ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ማታ የት ያድራል? ማን ያስረዋል? በስሙ ሲጠራው የሚመጣለት ለማን ነው? የክትባት ወረቀቱ በማን ስም ወጣ? አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለዋል፤ ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ የማስረጃ ደንብ አላገኘንም። የጓደኛችን ሰውዬ በመጀመሪያው ምሽት «ይህ ውሻ ነክሶ አያውቅም» ብለዋል፤ ይቅርታም ጠይቀዋል። ይህን የሰማች የጉልት ቸርቻሪ በአጠገቡ ነበረች። ያን ጊዜ ስሟን ጠይቆ ቢይዝ ኖሮ! በእውነት ባለቤት የሌለው የጎዳና ውሻ ሲሆን ግን መንገዱ ጠባብ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ለመጠየቅ የሠራተኛን የሥራ ጥፋት ማስረዳት ስለሚያስፈልግ፣ ተስፋው ለሕክምናው መቻኮል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ምን ይጠየቃል? በአንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። የሐኪም፣ የመድኃኒት፣ የመመላለሻ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የታጣ ገቢ ሁሉ ይቆጠራል፤ መምጣቱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳትም በአንቀጽ 2092 ይካተታል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ዳኛው በርትዕ የሚገምተው (አንቀጽ 2102) ልኩን በትክክል ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ነው። ለድንጋጤና ለሥቃይ የሚሰጠው የኅሊና ጉዳት ካሣስ? እዚህ ላይ ሕጉን ስናነብ ሳቅም ንዴትም መጣብን። አንቀጽ 2116 ይህ ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደኅና ጫማ አይገዛም። በልጅነቱ ፊቱ የተቧጨረና እስከ ዛሬ ውሻ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለሥቃዩ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ሊለወጥ ይገባዋል እንላለን።

ሌላም አስገራሚ አንቀጽ አለ። በ2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ራሱን ለተበዳዩ በማስረከብ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። በሬ ወይም በቅሎ ቢሆን ደግ ነው፤ የነከሰህን ውሻ ተረከበኝ ቢሉህ ግን ምን ታደርገዋለህ? ደግነቱ ይህ መንገድ ጉዳቱ በባለቤቱ ጥፋት ወይም እርሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት ሲደርስ አይሠራም። «በሩን ክፍት የተዉት ልጆቼ ናቸው» የሚለው ቃል ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። አባት አካለ መጠን ላላደረሰ ልጁ ኃላፊ ነውና (አንቀጽ 2124)፣ ሽማግሌው ይቅርታ ሲጠይቁ ይህን በር በገዛ አፋቸው ዘግተውታል። ቸልተኝነቱ የከፋ ከሆነም በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል፤ ለፖሊስ ማመልከት የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ክስና ማስረጃ ከማለት በፊት ግን ሕይወት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ምልክቱ እስኪታይ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ይገባል። ጠበልም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አይተው። ውሻውን መግደል ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። ታስሮ ለ10 ቀን ከተጠበቀና ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ከሞተም አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በአዲስ አበባ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ በሚጠራው ተቋም ይህ ሥራ የቆየ ነው። በድንጋይ ተቀጥቅጦ የተጣለ ውሻ ለሐኪምም ለዳኛም አይናገርም።

ሽምግልና ሲመጣ እንቢ አንልም፤ ባህላችን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ነገር ግን «ከእንግዲህ አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት ክትባቱ እስኪያልቅና ወጪው እስኪታወቅ መታገሥ ነው። አንቀጽ 3307 እና ተከታዮቹ በሚያወሱት ዕርቅ የተዘጋ ነገር በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ትዕግሥቱ እንዳይረዝም፣ የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 2143)። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰውም በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድኅነት ያለ ክፍያ እንዲከስ ይፈቅድለታል። ይህን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከእኛ ይልቅ ማን ይጠቀምበታል?

ጓደኛችን ሁለት ዓመቱ ገና አልሞላበትም። የክትባት ካርዱ በእጁ አለ፤ ደረሰኙ ግማሹ ጠፍቷል። የጉልት ቸርቻሪዋን ባለፈው ቅዳሜ ሄደን አገኘናት፤ ሽማግሌው ውሻውን በስሙ እየጠሩ ሲያስገቡት ዘወትር ታይ እንደ ነበር ነገረችን፤ ልትመሰክርም ተስማምታለች። የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ማመልከቻውን እየጻፉለት ነው።