ምዕራፍ ስድስት፦ ኢሜይሉ ለምን ተመለሰ?

ኢሜይል ኢትዮጵያ የገባው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ ይባል በነበረው የመረጃ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተራ ኮምፒውተር ከሞደምና ከስልክ መስመር ጋር ተያይዞ ፊዶኔት በተባለ ሥርዓት ይሠራ ነበር። ደብዳቤዎች ይጠራቀማሉ፤ ኮምፒውተሩ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ ሲገናኝ የተጠራቀመው በጥቅል ይሄዳል፣ የመጣውም በጥቅል ይገባል፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን ለደንበኞች የከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም ነው።

ታሪኩን ያነሣሁት ዛሬም የሚጠቅመን ነገር ስላለበት ነው፦ ኢሜይል መጠበቅ ያውቃል። ጆን ፖስትል እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ በሚባለው፣ መስመር ቢቋረጥ ደብዳቤው በላኪው ሰርቨር ላይ ይቆያል፤ ሰርቨሩም እየደጋገመ ይሞክራል። ኩታበር ላይ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ሊያቆም የተነሣ ሰው መብራትና ኔትወርክን ዋና ጠላቶቹ ቢያደርግ አይፈረድበትም። የሚያሰናክለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ደብዳቤው ተቀባዩ ደጅ ይደርሳል፤ ችግሩ መታመኑ ላይ ነው።

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋው ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። እዚያ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ እንበል። በደብዳቤው ራስጌ ላይ የታተመው አድራሻ የጂሜይል ወይም የያሁ ነው፤ የከፈተው አንድ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ሲዛወር ፓስወርዱም አብሮት ይዛወራል። አዲሱ ተተኪ አዲስ አድራሻ ይከፍታል፤ የቀድሞው ደብዳቤ ሁሉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በእኔ እይታ የራስን ሰርቨር ለማቆም ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለም። ከውጭ ኩባንያዎች ጥገኝነት መላቀቅ የሚባለው ከዚህ ኋላ ይመጣል።

ሥራውን ሁለት ፕሮግራሞች ይካፈሉታል። ፖስትፊክስ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ይልካል፤ ቪትሴ ቬኔማ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1998 ለዓለም የለቀቀው ነው። ዶቭኮት ደግሞ የገባውን ደብዳቤ በየሰዉ ሳጥን አስቀምጦ በስልክ ወይም በኮምፒውተር እንዲነበብ ያደርጋል፤ የፊንላንዱ ቲሞ ሲራይነን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሠራው ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በፖርት 25 ነው፤ ሠራተኛው ከስልኩ ሲልክ በ587 ወይም በ465 ይገባል፣ ሲያነብ በ993። በዶሜይኑ፣ ማለትም በድርጅቱ የኢንተርኔት ስም፣ መዝገብ ውስጥ ኤምኤክስ የሚባል አንድ መስመር ይጨመራል፤ «የዚህ ድርጅት ደብዳቤ ወደዚህ ሰርቨር ይምጣ» ይላል። ሊኑክስ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ለራሱ ደብዳቤ ይልካል፤ ይደርሰዋልም። ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ያበቃል። ወደ ጂሜይል የተላከው የመጀመሪያው ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሲገኝ ወይም ጨርሶ ሲመለስ ግን መመሪያው የለም።

በመጀመሪያ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ? ቢሮው ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር ማስቀመጥ ልብ ይስባል። ነገር ግን በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቤት የራሱ የሆነ የአደባባይ አይፒ አድራሻ የለውም፤ ብዙ ደንበኞች አንዱን አድራሻ ይጋራሉ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰርቨርም በሩን አያገኘውም። በየጊዜው የሚቀያየር አይፒም ቢሆን ገና ሳይጀምር የተጠረጠረ ነው፦ ስፓምሃውስ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ የቤት አድራሻዎችን በአንድ ላይ መዝግቦ ይዟል፤ በዓለም ያሉ ብዙ ሰርቨሮችም መዝገቡን አይተው ከዚያ የመጣን ደብዳቤ አይቀበሉም። ቋሚ አይፒ ያለው ሰርቨር ከዳታ ማዕከል መከራየት ይሻላል። የውጭ አገር ኪራይ በዶላር ስለሚከፈል ለኩታበር ትምህርት ቤት ቀላል አይሆንም፤ አዲስ አበባ ያለ ማዕከል በብር ያስከፍላል። የእኔ ምክር ሁለት ቦታ መክፈል ነው፦ ከዓለም ጋር የሚነጋገረው ሰርቨር መብራት በማይጠፋበት ማዕከል ይቀመጥ፤ ኩታበር ላይ ደግሞ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ደብዳቤውን ሁሉ ወደ ራሷ የምትቀዳ ትንሽ ማሽን ትኑር። መስመር ሲጠፋ ሠራተኛው የትናንቱን ደብዳቤ ከቢሮው ሳይወጣ ያነባል።

አሁን ወደ መታመኑ ጉዳይ እንምጣ። መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቁጥርና ቀን የሌለው፣ ፊርማና ማህተም ያላረፈበት ደብዳቤ ይዞ ቢሄድ ምን እንደሚባል ያውቀዋል። ተቀባዩ ሰርቨርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው መስመር «በዚህ ድርጅት ስም ደብዳቤ እንዲያደርሱ የተፈቀደላቸው እነዚህ ናቸው» ብሎ መልእክተኞቹን ይዘረዝራል። ዲኪም ማህተሙ ነው፦ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ደብዳቤ በምስጢር ቁልፍ ያትመዋል፤ ተቀባዩ በዶሜይኑ መዝገብ ላይ በይፋ በተቀመጠው ተጓዳኝ ቁልፍ ያመሳክረዋል። መንገድ ላይ አንድ ፊደል የነካ ሰው ቢኖር ይታወቃል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱንም ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ባለቤቱ ራሱ እንዲናገር ያስችለዋል፦ ዝም ይባል፣ ስፓም ውስጥ ይግባ ወይም ይመለስ። ጎግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡን አጥብቀዋል፦ በቀን ከ5,000 በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፤ ትንሹም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያስፈልገዋል።

ከሦስቱ ውጭ አንድ አለ፤ ጀማሪ የሚረሳው እሱን ነው። ፒቲአር ይባላል። ዶሜይን ስም ሰጥተነው አይፒ እንደሚነግረን ሁሉ፣ ፒቲአር አይፒ ሰጥተነው ስም ይነግረናል። ስሙና አይፒው ወዲያና ወዲህ ሲጠየቁ ካልተስማሙ ጂሜይል አይቀበልም። ይህን መስመር የዶሜይኑ ባለቤት ሊያስገባው አይችልም፤ የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ማዕከሉ ወይም የቴሌኮም ድርጅቱ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ቋሚ አይፒ ሲጠየቅ በዚያው ማመልከቻ ላይ ፒቲአርም ቢጠየቅ ሁለተኛ ምልልስ ይቀራል።

ስሕተቶቹ የተለመዱ ናቸው። አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚገባው የኤስፒኤፍ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ መልእክተኛ ሲጨመር ሁለተኛ መስመር የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል፤ ያለውን ማረም ነው ያለበት። የዲኪም ቁልፍ ረጅም ነው፤ በዶሜይን መዝገብ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ምልክት አይበልጥም። ባለ 2,048 ቢት ቁልፍ ለሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት። ሲቀዳና ሲለጠፍ መሀሉ ላይ አንድ ምልክት ከጎደለው እስኪታረም ድረስ ማህተሙ አይመሳከርም። ይህን ለማየት ወደ ራስ የጂሜይል ሳጥን አንድ ደብዳቤ ልኮ የመልእክቱን ጥሬ ቅጂ መክፈት ይበቃል፤ ሦስቱም ማለፍ አለማለፋቸው ራስጌው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሁሉም ተስተካክሎ ደብዳቤው ከተመለሰስ? ሎጉን መክፈት ነው። ሎግ ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ነው፤ በእያንዳንዱ ሙከራ መጨረሻ ላይ ተቀባዩ የመለሰው ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር አለ። የመጀመሪያውን አሐዝ ብቻ ተመልከቱ። 2 ከሆነ ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲያ የጠፋ ደብዳቤ ተቀባዩ ዘንድ፣ ምናልባትም ስፓም ውስጥ፣ ይፈለጋል። 4 ከሆነ «ቆይተህ ና» ማለት ነው። 5 ከሆነ «አትምጣ» ማለት ነው። ጀማሪዎች 450 ሲያዩ ይደነግጡና ቅንብሩን መነካካት ይጀምራሉ፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች የማያውቁትን ላኪ ለመፈተን ሆን ብለው መጀመሪያ በ4 ይመልሱታል፤ አይፈለጌ ላኪ ተመልሶ አይመጣም፣ ቁም ነገረኛው ግን ይመጣል። ፖስትፊክስ ራሱ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይሞክራል። ወረፋ ላይ ያለውን «ሜይልኪው» በሚለው ትእዛዝ እያዩ መታገሥ ነው። 550 ሲመጣ ግን መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል፦ ሳጥኑ የለም፣ አይፒው ጥቁር መዝገብ ላይ ነው፣ ፒቲአር የለም።

ሎግ ሲነበብ ሰዓቱ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ብዙ ሰርቨሮች የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ርእሰ መምህሩ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የላክሁት» ካሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፣ ሎጉ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ሦስት ሰዓት ላይ የሚፈልግ ባለሙያ ባዶ ገጽ ያገኛል።

መብራትስ? መብራት ደብዳቤ አያጠፋም እንጂ ሌላ ተንኮል አለው። ኩታበር ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ማሽን ራስቤሪ ፓይ ከሆነች፣ ከአምስተኛው ሞዴል በፊት ያሉት መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት የላቸውም። መብራት ሲመለስ ኔትወርክ ካልተመለሰ ማሽኗ ከጠፋችበት ሰዓት ትቀጥላለች። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት የሚባል ማስረጃ አለ፤ ትናንት የተሰጠው በእሷ አቆጣጠር ገና ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ አላምነውም ትላለች። ሰው ፓስወርዱን ይቀያይራል፣ ፕሮግራሙን እንደገና ይጭናል፤ የጎደለው ግን ሰዓት ማስተካከል ብቻ ነው። ባትሪ ያላት የሰዓት ቁራጭ ርካሽ ናት፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኗን ከሚያቆያት ዩፒኤስ ጋር አብራ ትገዛ። ሰርተፊኬቱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት በነፃ የሚሰጠው ለ90 ቀን ነው፤ ለማደስም ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልነው ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ለሚጠፋ መስመር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የፖስትፊክስ ትዕግሥት ለአምስት ቀን የተለካ ነው፤ ካልተለወጠ በቀር አምስተኛው ቀን ሲያልፍ ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። ሰርቨሩ ብቻውን ኩታበር ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ቀን ከፖስትፊክስ ሰርቨሮች ለትምህርት ቤቱ የተላከው መመለስ ይጀምር ነበር። ከዓለም ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ወደ ማዕከል ያወጣነው ለዚህ ነው። እዚያ ያለው ሰርቨር ደብዳቤውን ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኩታበር መስመር ባገኘች ጊዜ፣ ወይም ሠራተኛው ወደ ደሴ በወረደ ጊዜ፣ ይቀዳዋል። ወራትም ቢቆይ የሚመለስ ነገር የለም።

አማርኛው ራሱ ደግሞ የሚያመጣው ጉዳይ አለ። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል፤ የኢሜይል ርእስ ደግሞ ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለነበር፣ አማርኛው በላቲን ምልክቶች ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው፤ ሦስቱ ባይት አራት ምልክት ይሆናሉ። ጥሬ ቅጂውን የከፈተ ሰው የማይነበብ ዝብርቅርቅ አይቶ ደብዳቤው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ አልተበላሸም። የስፓም ማጣሪያውን ግን ማሠልጠን ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የለመደ ማጣሪያ አማርኛ ሲያይ ከመገመት ሌላ የሚያውቀው የለም። የራሳችሁን ጥሩ ደብዳቤዎችና የመጡባችሁን መጥፎዎች ለይታችሁ አሳዩት።

አድራሻውንስ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ፖስትፊክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይቀበላል፤ ጂሜይልም እንዲህ ላለው አድራሻ ይጽፋል። መንገድ ላይ አንድ ሰርቨር ካልቻለ ግን ደብዳቤው በ5 ቁጥር ይመለሳል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የላቲን አድራሻ ይኑር። ፀሐይ የምትባል ሠራተኛ ካለች ደግሞ ሥራው ይበዛል። ስሟን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል፤ ራብዖቹን ስንጨምር አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይሆናል። ለእኛ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አሥራ አንዱ ወደ አንዷ ሳጥን እንዲያመሩ በቅጽል ስም መዝገቡ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ 550 ይመጣል።